ውሻ በቀደደው፦ ጽንፈኛ ቡድን እንዴት ሥልጣን ይይዛል?

የ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለተመልካቹ ያሳየው የወሎን ረሃብ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከዓመት በፊት ወሎ ድረስ ሄዶ የሠራውን ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት የድግስና የግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አቀናብሮት ነበር። አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን ይታያል፤ ወዲያው የተንቆጠቆጠ ግብዣ ይከተላል። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው በአንዲት ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው «ሌባ!» እያለ ጮኸባቸው።

በዚያው ዕለት አንድ አዋጅ ወጣ። አዋጅ ቁጥር 1 የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፣ ፓርላማውን በተነ፣ የሥራ ማቆም አድማንና ያለ ፈቃድ ሰልፍ መውጣትን ከለከለ፣ ውሳኔው ይግባኝ የማይባልበት ልዩ የጦር ፍርድ ቤት እንደሚቋቋም ደነገገ። የአገሩ ዓይን ግን ያረፈው ከዙፋን በወረዱት ሽማግሌ ንጉሥ ላይ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን «ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» የሚል ውሳኔ ባወጣ በቀናት ውስጥ መሪዎቹ ታሰሩ። ለእነሱ የቆመ ሰው ጥቂት ነበር።

ለወራት ነጻነት ሲጠይቅ የሰነበተ ሕዝብ ከቀድሞው የከፋ ገዢ እጅ ላይ የሚወድቀው እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በ1922 ጣሊያን፣ በ1933 ጀርመን (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ተጠይቋል፤ ዛሬም ዴሞክራሲያቸው በሚንገዳገድባቸው አገሮች ሁሉ ይጠየቃል። ጽንፈኛ ማለት እዚህ ላይ ግራ ወይም ቀኝ ማለት አይደለም። እኔ ብቻ ነኝ ሕዝቡ የሚል፣ ተቀናቃኙን ሊከራከረው ሳይሆን ሊያጠፋው የሚያየው፣ ሥልጣን አንዴ ከገባበት እጅ መውጣት የለበትም ብሎ የሚያምን ቡድን ሁሉ ጽንፈኛ ነው።

ልዩነቱን መደበቅ አይገባም፤ ኢትዮጵያ በ1966 ዴሞክራሲ አልነበረችም፣ ደርግም ሲነሣ ፓርቲ አልነበረም። ሆኖም ከየካቲት እስከ መስከረም ባሉት ወራት አገሪቱ ወደ ሕገ መንግሥታዊ መንግሥት ለመሻገር በእርግጥ ተነሥታ ነበር፤ ደርግም ኋላ ላይ ብቸኛውን ሕጋዊ ፓርቲ መሥርቷል። መንገዱ ከጀርመኑና ከጣሊያኑ ጋር ሲነጻጸር የሚመሳሰለው እጅግ ብዙ ነው። የሚመሳሰለውም ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ጽንፈኛ ቡድን በራሱ ጉልበት ብቻ ሥልጣን ላይ የወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ አጥሩን አስቀድመው የሚቀዱት ሌሎች ናቸው። ችግርን የሚደብቅ መንግሥት፣ ጽንፈኛውን መጠቀሚያ አደርገዋለሁ የሚል ሹም፣ እርስ በርሱ የሚናከስ ተቃዋሚ፣ የመጀመሪያውን ግፍ አይቶ የሚያልፍ ዜጋ።

የተደበቀው ረሃብ

ወገል ጤና በደላንታ ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ የበሽሎን ገደል ከሥር የምታይ ከተማ ናት። በንጉሡ ዘመን ዋድላ ደላንታ አውራጃ በሚባለው በዚህ ምድር፣ ልክ እንደ ላስታ ደጋ፣ የገበሬው ኑሮ በበልግ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በልጉ ከቀረ ገብሱ የለም። በ1964 ክረምቱ ሲከዳና ተከትሎ የ1965 በልግ ሲቀር ወሎ ከሁለት ወገን ተመታ። የቆላው ደግሞ የባሰ ሆነ፤ በምሥራቅ ወሎ ያለው ጭሰኛና ከብቱ ያለቀበት አፋር ቀድመው ወደቁ።

ረሃብ ሲገባ ገበሬ መጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻ የሚያርስበትን በሬ ወደ ገበያ ይነዳል። ሁሉም ሻጭ ሲሆን የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ ያው በሬ ከዓመት በፊት ከሚያመጣው እህል ጥቂቱን ብቻ ያመጣል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ረሃብ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የወሎን ጉዳይ በዝርዝር መርምረው ያሳዩት ይህንን ነው። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው እህል ያን ያህል አልቀነሰም፤ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም ሰማይ አልነካም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህልም ነበር። ሰው ያለቀው እህል ከአገር ስለጠፋ ሳይሆን የሚገዛበት ስላጣ ነው። የሟቾች ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል።

መንግሥት ያውቅ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚተመውን ረሃብተኛ ፖሊስ ከመንገድ ይመልሰው ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ወሎ ደርሰው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ሲያሳዩ የመንግሥት መልስ ቁጣ ነበር። ከሁሉ የሚያስተዛዝበው ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። በሰኔ 1965፣ ወሎ በሞት ላይ ሳለች፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ። ፓርቲ ማቋቋም ክልክል ስለነበር የወሎን ረሃብ አጀንዳው አድርጎ የሚወዳደር፣ ካሸነፈም ሚኒስትሮችን የሚጠይቅ ድርጅት አልነበረም። ምርጫ ተደረገ፤ የአገሪቱ ትልቁ ጥያቄ ግን በምርጫው ውስጥ አልነበረም።

ጽንፈኛ የሚያድገው እዚህ ላይ ነው። ችግር ብቻውን ጽንፈኛን አያነግሥም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ቀውስ እንግሊዝንም ስዊድንንም መትቷል፤ ሁለቱም ግን በምርጫና በፓርላማ ተሻገሩት። በጀርመን የሆነው የተለየ ነበር። በመጋቢት 1930 የሥራ አጥ መድን ክፍያን አስመልክቶ በተነሣ ክርክር የጥምር መንግሥቱ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲህ አገሪቱ የምትተዳደረው በፓርላማ አብላጫ ሳይሆን በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ ሆነ። ሥራ አጡ 6 ሚሊዮን ሲደርስ ፓርላማው መልስ የሚሰጥ ቤት መሆኑ ቀርቶ ነበር። በ1928 ከመቶ 2.6 ድምፅ ብቻ ያገኘው የሂትለር ፓርቲ በ1930 18.3፣ በሐምሌ 1932 ደግሞ ከ37 በላይ አገኘ። መራጩ ሁሉ የናዚ እምነት ተከታይ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙው «ሌሎቹ አልሰሙኝም» ብሎ የሄደ ነው።

የኢትዮጵያ ንጉሣዊ መንግሥትም በወሎ ያጣው ይህንን ነው፤ የመታመን መብቱን። ከዚያ በኋላ የሰጠው ተስፋ ሁሉ፣ እውነተኛው እንኳ፣ ሰሚ አላገኘም።

ከየካቲት እስከ ነሐሴ

የ1966 ግርግር የጀመረው በማንም ፓርቲ ትእዛዝ አልነበረም። ጥር 4 ቀን በነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውኃ ምክንያት አዛዦቻቸው ላይ አመፁ። የካቲት 11 ቀን የነዳጅ ዋጋ የከበደባቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችና የትምህርት ማሻሻያ ዕቅዱን የተቃወሙ መምህራን ሥራ አቆሙ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል አዘዙ። ሠራተኛው በየካቲት መጨረሻ ጠቅላላ አድማ መታ። ሚያዝያ 12 ቀን ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ፣ የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቆ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ።

እነዚያ ወራት በአገሪቱ ታሪክ ብርቅ ናቸው። ጋዜጣው የልቡን ጻፈ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው አለቃውን ጠየቀ። በነሐሴ ወር ተረቅቆ ያለቀው ሕገ መንግሥት ንጉሡን ከፖለቲካ ሥልጣን የሚያርቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ተጠሪነቱ ለፓርላማ የሚያደርግ ነበር። ፍጹም አልነበረም፤ ነገር ግን ሥልጣንን በሕግ የሚገድብ ሰነድ ነበር።

ያንን ሰነድ የሚሟገትለት ኃይል አልተገኘም። መኳንንቱ ብዙ አጣን ብለው ጠሉት። ተማሪውና ምሁሩ ትንሽ ነው ብለው ናቁት። ገበሬው ስለ መኖሩም አልሰማም። ፓርቲ ተከልክሎ በኖረባት አገር ለለዘብተኛው መንገድ ድምፅ የሚያሰባስብ፣ ቅርንጫፍ ያለው፣ ደጋፊ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት በሰባት ወር አይፈጠርም። በመላ አገሪቱ የተዘረጋ፣ ትእዛዝ የሚያደርስ፣ ሬዲዮ መገናኛና መሣሪያ ያለው ተቋም አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጦሩ ነው።

ሰኔ 21 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ከየክፍሉ የተላኩ፣ ከሻለቃ በላይ ማዕረግ የሌላቸው፣ ቁጥራቸው 120 ገደማ የሆነ ወታደሮች ተሰባሰቡ፤ ደርግ የተባሉት እነዚህ ናቸው። ስማቸው ያኔ አይታወቅም ነበር፤ ፕሮግራማቸው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ነበር። ለንጉሡ ታማኝነታቸውን ገልጸው ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያለው አካሄዳቸው ቀስ በቀስ ነበር። መጀመሪያ ባለሥልጣናቱን አንድ በአንድ አሰሩ፤ ቀጥሎ የዘውድ ምክር ቤቱንና የንጉሡን ችሎት አፈረሱ፤ የአንበሳ አውቶቡስን ወረሱ፤ በነሐሴ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ስሙ ተለውጦ «ብሔራዊ» ተባለ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ጦር የሚያማዝዝ አልነበረም። ሁሉም ሲደመር ግን ንጉሡ የሚያዙበት ነገር አልቀረም።

መጠቀሚያ የፈለጉት

ልጅ እንዳልካቸው ጊዜ ፈልገው ነበር። በሚያዝያ 1966 የቀድሞዎቹን ሚኒስትሮች ያሰረው በኮሎኔል ዓለም ዘውድ ተሰማ የሚመራው የጦር ኃይሎች አስተባባሪ ኮሚቴ የእርሳቸውን መንግሥት የሚደግፍ ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ወታደሩ ተቀናቃኞችን ያስወግዳል፣ ሕዝቡ ይረካል፣ መንግሥቱ ይረጋጋል። ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር በወታደር እጅ የሚፈጸም የተለመደ ሥራ የሆነው ያኔ ነው። ሐምሌ 15 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ተነሡ፤ በኋላም ታሰሩ።

በበርሊን የሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። በኅዳር 1932 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ የናዚ ፓርቲ ድምፅ ወርዶ ነበር፤ ከ37 ወደ 33 በመቶ። በዚያው ሰሞን ነው የቀድሞው ቻንስለር ፍራንዝ ፎን ፓፐን ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግን ያግባቡት። ሂትለር ቻንስለር ይሁን፤ ፓፐን ምክትል ሆነው ይቆጣጠሩታል፤ በካቢኔው ውስጥ ናዚዎቹ ሂትለርን ጨምሮ ሦስት ብቻ ይሆናሉ። ጥር 30 ቀን 1933 ሂትለር ተሾመ። በነጻ ምርጫ አብላጫ አግኝቶ አያውቅም፤ ሥልጣኑን የሰጡት ሊጠቀሙበት ያሰቡት ናቸው።

በሮምም እንዲሁ ነው። አንጋፋው ጆቫኒ ጆሊቲ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ፋሺስቶችን በራሳቸው ጥምረት ዝርዝር ውስጥ አስገብተው 35 መቀመጫ እንዲያገኙ በር ከፈቱላቸው። በጥቅምት 1922 ሙሶሊኒ ተከታዮቹን ወደ ዋና ከተማዋ ሲያዘምት ጠቅላይ ሚኒስትር ፋክታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አዘጋጁ፤ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ አልፈርምም አሉ። 35 መቀመጫ የነበረው ሰው በቀናት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ያ ሰው ከ13 ዓመት በኋላ ጦሩን በኢትዮጵያ ላይ አዘመተ፤ የሮም ንጉሥ ፊርማውን መከልከሉ ያስከፈለው ዋጋ እስከ ማይጨውና እስከ ደሴ ደርሷል።

የመጀመሪያው ደም

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ትልቁ ኩራቱ ለውጡ ያለ ደም መምጣቱ ነበር። ያ ኩራት ሁለት ወር ከአሥር ቀን ገደማ ቆየ። ኅዳር 14 ቀን 1967 የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም በቤታቸው ተከበው ተገደሉ። በዚያው ሌሊት የታሰሩት የቀድሞ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎችና መኳንንት ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። አክሊሉ ሀብተ ወልድም እንዳልካቸው መኮንንም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በታሪክ «የስድሳዎቹ ግድያ» ተብሎ ይታወቃል።

የወሎን ረሃብ የደበቁ ባለሥልጣናት ሊጠየቁ ይገባ ነበር። ምርመራው ተጀምሮም ነበር፤ በ1966 የተቋቋመ መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ይዞ ነበር። በግልጽ ችሎት ተከሰው፣ ማስረጃ ቀርቦባቸው፣ ተከራክረው ቢፈረድባቸው ኖሮ አገሪቱ ስለ ረሃቡ እውነቱን ትሰማ ነበር፤ ለወደፊቱም ሹም በሕግ የሚጠየቅበት ልማድ ይተከል ነበር። ጥይቱ ያንን ሁሉ አብሮ ቀበረው።

የተገደሉት የተጠሉ ስለነበሩ ብዙ ሰው አላዘነም። አዲሱን ሥርዓት ከሚደግፉት መካከል «የእጃቸውን አገኙ» ያለ ነበር። ለውጡ የጠየቀው ፍትሕ ግን በዚያ ሌሊት ተገድሏል። ያለ ፍርድ መግደል ለሚኒስትር ከተፈቀደ ለተማሪም ተፈቅዷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የታየውም ይኸው ነው።

ስለ ደርግ ሲነገር አንድ እውነት መታለፍ የለበትም። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የዘመናት ጥያቄ መለሰ። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ተማሪው በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ ሲሰለፍ የጠየቀው ነበር። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደው አዋጁን ለገበሬው አደረሱ። ጽንፈኛ ቡድን ተከታይ የሚያገኘው በውሸት ብቻ አይደለም። ሌሎች ዓይናቸውን የጨፈኑበትን እውነተኛ ጥያቄ አንሥቶ ይመልሳል፤ ከዚያም ያንን መልስ ለሌላው ሥራው ሁሉ መሸፈኛ ያደርገዋል። ለዘብተኞች መሬቱን በጊዜው ለአራሹ ቢሰጡ ኖሮ ደርግ የሚመካበት ትልቁ ሥራ ከእጁ ይወጣ ነበር።

እርስ በርስ የተናከሱት

በ1960 በሐምቡርግ የተመሠረተው መኢሶንና በ1964 በበርሊን የተመሠረተው ኢሕአፓ ከአንድ ማዕድ የበሉ የተማሪ እንቅስቃሴ ልጆች ነበሩ። ሁለቱም ማርክሲስት፣ ሁለቱም የገበሬና የሠራተኛ ወገን ነን የሚሉ፣ ብዙዎቹም የአንድ ግቢ ጓደኞች። ወሎም ልጆቿን ለዚህ እንቅስቃሴ ሰጥታለች፤ በ1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በጻፈው ጽሑፍ የሚታወቀው ዋለልኝ መኮንን በደሴ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት የተማረ ነው።

ልዩነታቸው ስለ ደርግ ነበር። ኢሕአፓ በ«ዴሞክራሲያ» ጋዜጣው ሥልጣን አሁኑኑ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ አለ። መኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በሚለው ልሳኑ ለደርግ «ሒሳዊ ድጋፍ» እንስጥ፣ ከውስጥ ሆነን ሕዝቡን እናደራጅ አለ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳም የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤትን በኃላፊነት ያዙ። ስሌቱ የፓፐንና የእንዳልካቸው ስሌት ነው፤ ወታደሩ ርዕዮተ ዓለም የለውም፣ እኛ እንመራዋለን የሚል።

ክርክሩ በወረቀት ቢቀር በጎ ነበር። በመስከረም 1969 ኢሕአፓ በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ የግድያ ሙከራ አደረገ፤ በዚያው ሰሞንም የመኢሶን አመራር አባል የነበሩት ፍቅሬ መርዕድ በአዲስ አበባ ተገደሉ። መኢሶን ደግሞ የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች እንዲታጠቁ፣ ኢሕአፓም እንዲመነጠር ተባበረ። ጥር 26 ቀን 1969 መንግሥቱ የደርጉን ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ሌሎችን አስገድለው ሥልጣኑን ጠቀለሉ። ሚያዝያ 9 ቀን በአብዮት አደባባይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች እያነሡ መሬት ላይ ከሰከሱ፤ የጠላቶቻችን ደም እንዲህ ይፈሳል ለማለት ነው። በዚያው ወር፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በአዲስ አበባ በአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። ልጁ የተገደለበት ወላጅ አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍል ሲጠየቅ የነበረበት ጊዜ ነው። አፍሪካ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በ1991 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ በአዲስ አበባ ብቻ ቢያንስ 10,000 ሰው እንደተገደለ ገምቷል።

መኢሶንም ተራው ደረሰ። በነሐሴ 1969 ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገባ፤ መሪዎቹ ታድነው ተያዙ፣ ኃይሌ ፊዳም ተገደሉ። ደርግ አቅፎ የያዛቸው ሌሎቹ ማርክሲስታዊ ድርጅቶችም አንድ በአንድ ተመቱ፤ የቀረው የመንግሥቱ የራሳቸው «ሰደድ» ነበር።

የጀርመን ኮሚኒስቶችም ሶሻል ዴሞክራቶቹን ከናዚ የማይሻሉ ጠላቶች ብለው ፈርጀዋቸው ነበር። በኅዳር 1932 ምርጫ የሁለቱ ድምፅ ተደምሮ ከናዚ ይበልጥ ነበር። ተባብረው ግን አያውቁም። ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ ማጎሪያ ካምፕ ተገናኙ።

ሕግ በሕግ ሲፈርስ

ሂትለር የቫይማር ሕገ መንግሥትን በአዋጅ አልሻረም። የካቲት 27 ቀን 1933 (እ.ኤ.አ.) ምሽት የፓርላማው ሕንፃ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 መሠረት የመናገር፣ የመሰብሰብና ያለ ፍርድ ያለመታሰር መብቶችን የሚያግድ የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ፈረሙ። ያ ድንጋጌ ናዚ እስከ ወደቀበት እስከ 1945 አልተነሣም። መጋቢት 23 ቀን ፓርላማው ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ለካቢኔው አሳልፎ ሰጠ፤ 444 ድጋፍ፣ 94 ተቃውሞ። የተቃወሙት ሶሻል ዴሞክራቶቹ ብቻ ናቸው፤ የኮሚኒስት እንደራሴዎቹ ታስረው ወይም ሸሽተው ነበር። በሐምሌ ወር ከናዚ በቀር ፓርቲ ሁሉ በሕግ ተከለከለ።

«ጊዜያዊ» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ደርግ ራሱን ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ብሎ ሰይሞ 13 ዓመት ገዛ። ፓርቲው፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ)፣ የተመሠረተው በ1976 መጨረሻ፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። የአሥረኛው ዓመት በዓል በመስከረም 1977 በአዲስ አበባ በድምቀት ሲከበር ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም ሰው በየቀኑ ይሞት ነበር፤ በዓሉ እስኪያልፍ ግን ረሃቡ በአደባባይ እንዳይወራ ተደረገ። ዓለም በሰፊው ያወቀው በጥቅምት ወር በቢቢሲ ፊልም ነው። በረሃብ ፊልም ንጉሥ ያወረደው መንግሥት በዚያው በወሎ ያንኑ ሠራ። ቀጥሎም ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው፣ ብዙው የወሎ ገበሬ፣ ወደ ደቡብና ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሰፍር ተወሰደ፤ ከገበያና ከመጠለያ ጣቢያ በግዳጅ የተጫነው ብዙ ነው። የሚጠይቅ ፓርላማ፣ የሚጽፍ ነጻ ጋዜጣ፣ የሚሰለፍ ማኅበር አልነበረም፤ ፓርላማው የተበተነው፣ ሰልፉም የተከለከለው በአዋጅ ቁጥር 1 ነበር።

አሁን ሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከዚህ ታሪክ የተማረ ይመስላል። አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ6 ወር ይገድበዋል፤ ለማራዘም የተወካዮች ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ያም በየ4 ወሩ ነው፤ ሰብአዊ ያልሆነ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በአዋጁ ጊዜም አይታገድም፤ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል። የአማራ ክልል ነዋሪ በሐምሌ 2015 የታወጀውንና በጥር 2016 የተራዘመውን አዋጅ ስለኖረበት የእነዚህ አንቀጾች ትርጉም ከመጽሐፍ የሚማረው አይደለም። ገደቡ ዋጋ የሚኖረው የሚጠይቀው ሲገኝ ነው፤ ማን ታሰረ፣ የት አለ፣ መቼ ፍርድ ቤት ይቀርባል ብሎ።

የቆመባቸው ቦታዎች

ጽንፈኛ ሁሉ አያሸንፍም። በቤልጂየም በ1936 (እ.ኤ.አ.) የሊዮን ደግሬል «ሬክስ» ፓርቲ ከምንም ተነሥቶ 21 መቀመጫ አገኘ። በሚያዝያ 1937 ደግሬል በብራሰልስ ማሟያ ምርጫ ሲቀርብ ካቶሊኩ፣ ሊበራሉ፣ ሶሻሊስቱና ኮሚኒስቱ ሁሉ እጩ አላቀረቡም፤ በአንድነት ጠቅላይ ሚኒስትር ቫን ዜላንድን ደገፉ። ደግሬል የሚመካበት የካቶሊክ መራጭ ነበር፤ ከምርጫው በፊት ሊቀ ጳጳሱ ራሳቸው ሬክስን አወገዙ። ከአምስት መራጭ አንዱ እንኳ አልመረጠውም።

በፊንላንድ ደግሞ ፕሬዚዳንት ስቪንሁፉድ ሥልጣን ላይ ሲወጡ «ላፑዋ» የተባለው የቀኝ ጽንፈኛ ንቅናቄ ደግፏቸው ነበር። በ1932 (እ.ኤ.አ.) የንቅናቄው ሰዎች መንትሳላ በተባለች ቦታ ታጥቀው ሲያምፁ ፕሬዚዳንቱ በሬዲዮ ቀርበው ተራው ሰው ትጥቁን ፈትቶ ወደ ቤቱ ቢመለስ እንደማይቀጣ፣ መሪዎቹ ግን እንደሚጠየቁ ነገሯቸው። አመፁ ተበተነ፤ ላፑዋም ኮሚኒስቶችን ይመታልኛል ብሎ በተሟገተለት ሕግ ታገደ። የሁለቱ አገሮች ልዩ ነገር ጽንፈኛ አለመኖሩ አይደለም። ለጽንፈኛው የሚቀርቡት ወገኖቹ ራሳቸው፣ ድጋፉ እየጠቀማቸው፣ እምቢ ማለታቸው ነው።

በኢትዮጵያ እምቢታው ዘግይቶ በፍርድ ቤት መጣ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ከ12 ዓመት ክርክር በኋላ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለማርያምንና ጓዶቻቸውን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሞት እንዲቀጡ ወሰነ። ዋናው ተከሳሽ ግን ከ1983 ጀምሮ ዚምባብዌ ናቸው። ፍርዱ ለታሪክ ይጠቅማል፤ የሞተውን አይመልስም።

ስለዚህ ሥራው መሠራት ያለበት አስቀድሞ ነው፤ የሚሠራውም በአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በላስታም በደላንታም በልግ ሲቀር የወረዳው ሹም ቁጥሩን ሳይቀንስ ይጻፍ፤ ጋዜጠኛው ሳይፈራ ይዘግበው። ፓርቲዎች በፖሊሲ የፈለጉትን ያህል ይለያዩ፤ ግድያን፣ ያለ ፍርድ እስራትንና ተቀናቃኝን «ጠላት» ብሎ መፈረጅን ባለመቀበል ግን አንድ ይሁኑ። አንባቢም ከራሱ ይጀምር፦ የምትጠሉት ሰው ያለ ፍርድ ሲታሰር ወይም ሲገደል ዝም አትበሉ። የምትደግፉት ወገን ሲያደርገው ደግሞ ከሁሉ በፊት እናንተ ተቃወሙ፤ እናንተን ይሰማልና።